ሳልነሣ የተቀበልኳቸው እንግዶች

ትናንት ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና በሕልሜ ዶክተሮች ካርዳቸውን ይዘው የኔ በር ላይ ተሰልፈው አየሁ። አንዳንዶቹ አስታማሚ ይዘዋል፤ አስታማሚዎቹም ምሳ በሳህን ቋጥረው መጥተዋል።

ሕልሙን ከመቀጠሌ በፊት ወንበሩ ላይ ምን እንዳስቀመጠኝ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ይሄ ሰውዬ ምን በልቶ ነው የተኛው ትሉኛላችሁ።

ስሜ ላቀው ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ነበርኩ ማለቱ ሳይሻል አይቀርም። ሁለቱንም ዓይኖቼን ሞራ ጋርዷቸው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆየሁ። ክሩን ባለቤቴ የሺመቤት ታስገባልኛለች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እሷ ልትሰፋልኝ አትችልም። በቅርቡ የአንድ መምህር ሱሪ ስጠግን ኪሱን ከነአፉ ሰፍቼ ዘጋሁት። ሰውየው ጨዋ ነበርና አመስግኖኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰሞኑን የዓይን ሐኪሞች ቡድን ወደ ከተማችን መጥቶ ሞራ ይገፍፍ ነበር። ሄድኩ። ከዓይኔ በፊት ክንዴን ያዙና ግፊቴን ለኩኝ፤ መቶ ሰማንያ ምናምን ሆነ። "አባባ፣ በዚህ ግፊት ዓይንዎን አንነካም" ብለው መለሱኝ። በማግሥቱም ሄድኩ። መድኃኒቴን ውጫለሁ፣ ጨው ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ግን ነጩን ጋዋን ገና ከሩቅ ሳየው ልቤ መደለቅ ጀመረች፤ ቁጥሩም ከፊተኛው ባሰ። ከቡድኑ ጋር የምትሠራው ሲስተር ምንታምር አዘነችልኝ።

"እርስዎ እኛን ሲያዩ ነው የሚደነግጡት" አለችኝ። "ቤትዎ መለኪያ አለ?"

"ልጄ ገዝታልኛለች።"

"እንግዲያው ነገ ከሰዓት በኋላ ሌሎች ሰዎች ለማየት በሰፈርዎ ሳልፍ ብቅ እላለሁ፤ ቤትዎ ተቀምጠው እንለካዎታለን። ጥሩ ከሆነ ለመጨረሻው ቀን አንድ ተራ ይዤልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚመለስ እኛም አናውቅም።"

አለካኩንም አስረዳችኝ። ሽንት ሸንቶ፣ ቡና ሳይጠጡ፣ ጀርባን ተደግፎ፣ እግርን ሳያጠላልፉ መሬት አስነክቶ፣ ራቁት ክንድን በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ረጋ ብሎ መቀመጥ። ከሁሉም በላይ፣ ማሽኑ ሲለካ አለመናገር፣ አለመንቀሳቀስ። ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ይኼኛው ግን የኛን ቤት አያውቅም።

እኛ ቤት መለኪያ መግባቱ ከተሰማ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ እኛ ጋ ነው። እኔ ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠምጥሜ ቁጭ ስል አንዱ ይገባል። ሰው ሲገባ ደግሞ ቁጭ አይባልም፤ "ኖር!" ብዬ ብድግ እላለሁ። "በእግዜር፣ በእግዜር፣ አትነሣ!" ይለኛል። እሱ አትነሣ ይላል፣ እኔ እነሣለሁ፣ ማሽኑ ከነገመዱ ክንዴ ላይ ተንጠልጥሎ ይከተለኛል። ከዚያ ሰላምታው አለ፤ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ። ስንቀመጥ ማሽኑ አንድ የሚያስደነግጥ ቁጥር ይዞ ይጠብቀናል። እንግዳው አንገቱን ይነቀንቅና "አይ ላቀው፣ አለቀልህ" ይለኛል። ይህን ሰምቶ ግፊቱ የሚወርድለት ሰው ካለ አሳዩኝ።

እና ትናንት የሺመቤት ሹራቤን አስወልቃ፣ እጅጌዬን ጠቅልላ፣ ጨርቁን አጥብቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ። "ሲስተር እስክትመጣ አፍህን እንዳትከፍት። ጣሪያው ቢወርድ እንዳትነሣ" አለችኝ። ጋቢውን በትከሻዬ ጣል አደረገችልኝ። ሙቀቱ ደስ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

በሕልሜ መጀመሪያ የመረረው ወንበሩ ነበር። "ላቀው፣" አለኝ፣ "እስቲ ተነሣ፣ እኔም ልቀመጥ።" ተነሣሁለትና እላዬ ላይ ተቀመጠ። "ጀርባህን አቅናልኝ፣ ልደገፍ። እግሮቼን ደግሞ ሁሉንም መሬት አስነካቸው፤ አንዱ ከተንጠለጠለ እረፍት አይባልም።" እኔ ጎብጬ የአራት እግሩን ቦታ ሳስተካክል በሩ ከውስጥ ተንኳኳ። የምወደው ነገር ቢኖር በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ወንበሩን ታቅፌ ከፈትኩት። ዶክተሮቹ ያኔ ነው የታዩኝ።

እንዳዩኝ ሁሉም ከመሬት ተነሡ። እኔ የሥራ ሽርጤን ለብሻለሁ፤ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊት የቆመው ሸምገል ያለ ዶክተር ነበር፤ ካርዱን በሁለት እጁ አቀረበልኝ።

"ዛሬ ስንት ሐኪም ነው የሚያዩት?" አለኝ።

"እኔ እንጃ፤ ማን ላካችሁ?"

"ሁሉም በሽተኞች እንዲህ ነው የሚሉን" ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ለባልደረቦቹ ነገራቸው። "ትናንት አንዲት በሽተኛ ደጅ ስንጠና ውለን፣ ምሳ ሰዓት ነው ብላ ዘጋችብን።"

ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ። አንዷ ወጣት ሐኪም "በዘመድ የሚገባም አለ" አለች።

አሳዘኑኝና ሽማግሌውን አስገባሁት። ወንበሬን ለሱ ሰጠሁት፤ ወንበሩም ከኔ ላይ ወርዶ ቅር እያለው ተቀመጠለት። ዶክተሩ ሽርጤን ባየ ቁጥር ግንባሩ ላብ ያወጣል።

"ምን ሆኑ?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤቴ ደህና ነኝ፤ በሽተኛ ሳይ ነው የሚጨምርብኝ።"

"በሽተኛ ምኑ ያስፈራል?"

"ዓይናችሁ። ደግሞ ለምን እያላችሁ ትጠይቃላችሁ።"

እኔ በበኩሌ ሐኪም ሊፈራኝ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ደስ አለኝ። የክንድ ጨርቁን አንሥቼ ልጠመጥምለት ስል ጋዋኑ ሥር ኮት፣ ኮቱ ሥር ሹራብ፣ ሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ አገኘሁ።

"ያውልቁ እንጂ!"

"ይበርዳል።"

"የማን ክንድ ነው የሚለካው፣ የእርስዎ ነው የበጉ?"

እያጉረመረመ አወለቀ። ሲቀመጥ እግሩን አጠላለፈ፤ አስፈታሁት። ክንዱን ወደ ታች አንጠለጠለ፤ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩለት። ማሽኑን ስነካው ጨርቁ መጭመቅ ጀመረ፤ ዶክተሩም ወዲያው ወሬ ጀመረ።

"የሆስፒታላችን ጣሪያ ያፈሳል" አለኝ። ቁጥሩ ከፍ አለ።

"አይናገሩ።"

"እየተናገርኩ አይደለም፣ እየነገርኩዎ ነው እንጂ። አለቃዬ ደግሞ..." ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ተስፈነጠረ።

እዚህ ላይ ነው የማወቅ ጉጉቴ ያስቸገረኝ። ማከሜን ተውኩና ሰውየውን በወሬ እፈትነው ጀመር። "ስለ ዝናብ ይንገሩኝ" አልኩት፤ ትንሽ ብቻ ጨመረ። "ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ" አልኩት፤ ልጁ ሙዚቀኛ ልሁን ማለቱን ሲነግረኝ ማሽኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ስለ እናትዎ ይንገሩኝ" አልኩት፤ ወረደ፣ ቀጥሎ ደግሞ እናቱ ከሚስቱ ጋር እንደማይስማሙ ትዝ ሲለው ወጣ። ወሬ እንዲህ ደም ውስጥ እየገባ የሚወጣ መሆኑን አላውቅም ነበር። ለካስ አንድ "እንዴት ሰነበትክ" ብዙ ሥራ ነው።

"እንግዲህ ምንም አይንገሩኝ" አልኩት በመጨረሻ።

ዝም አለ። ዝም ሲል ፊቱ ተለወጠ፤ ጉንጩ ላላ፣ ትከሻው ወረደ። ቁጥሩም ቀስ እያለ ወርዶ ደህና ቦታ ላይ ቆመ። ላበሥረው ጎንበስ ስል እንቅልፍ ወስዶታል። ውጭ ያሉት ሐኪሞች "ተራችንን ተኛበት!" ብለው በሩን ደበደቡት። አስታማሚዎቹ ገብተው ከነወንበሩ ተሸክመውት ወጡ። እኔም ወንበሬን ብዬ ተከትዬ ስወጣ ገበያ መሐል ነበርኩ።

የቅዳሜ ገበያችን ነው፤ ግን በጎቹ ናቸው ሰዎቹን ይዘው የመጡት። አንድ ሙክት ሦስት ነጋዴዎችን በገመድ አሥሮ ቆሟል፤ ገዢው ፍየል የአንዱን ወገብ እየጨበጠ "ይኼ ደልቧል ትላለህ?" ይለዋል። ወዲያ ማዶ በጎች ቁጭ ብለው የሰው ፀጉር ይሸልታሉ፤ የተሸለቱት ሰዎች እየተንቀጠቀጡ በአንድ በኩል ቆመዋል። ከሰው ፀጉር የተሠራ ሹራብ የለበሰች አንዲት በግ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወደኔ መጣች። አንገቷ ላይ የኔው ሜትር ተንጠልጥሏል።

"ክንድህን አምጣ፣ ግፊት እለካሃለሁ" አለችኝ።

አመጣሁ። የጠመጠመችብኝ ጨርቅ ከመጥበቡ የተነሣ ዳርና ዳሩ አልገናኝ አለ፤ እሷ ግን በጥርሷ ጎትታ አጋጠመችው። ጣቶቼ ጠቆሩ።

"ኧረ ይኼ የሕፃን ነው!" አልኳት።

"ለሁሉም ይኼው ነው።"

"እንዴት ለሁሉም ይኼው ይሆናል? እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ እጅጌ ብሰፋ ሰውየው ይጨነቃል እንጂ ይቀጥናል? እዚህም ጨርቁ ከጠበበ ቁጥሩ ያለ ጥፋቴ ይወጣል።"

በጓ ማመንዠኳን አቆመችና ትክ ብላ አየችኝ። "እናንተ ስትሸልቱን ልካችንን ጠይቃችሁን ታውቃላችሁ?" አለችኝ።

 ከዚያ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ከሹራቧ ሥር ሰፋ ያለ ጨርቅ አውጥታ ሰጠችኝ። "ይሄን ይዘህ ሂድ። እኔ አልለካህም፣ እዚያ ሽማግሌዎቹ አሉልህ" ብላ በሸኮናዋ ወደ ገበያው ጫፍ አመለከተችኝ።

እዚያ አንድ ባሕር ዛፍ ሥሩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል። ከሥሩ በታች፣ ማለትም ከቅጠሉ አጠገብ፣ የግፊት መለኪያዎች ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሸንጎ ይዘዋል። ክንድ ጨርቃቸውን ነጠላ አስመስለው ትከሻቸው ላይ ጥለውታል። የሚነጋገሩት ስለ ሰው ነበር።

"የኔው ሰውዬ ልክ አይደለም" ይላል አንዱ። "ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ። ትናንት ከነምኑ ልጥለው ነበር።"

"የኔይቱ ደረጃ ሮጣ ወጥታ፣ እያለከለከች ክንዷን ትሰጠኛለች። ያየሁትን ስነግራት ተበላሽቷል ትለኛለች።"

"ባትሪያቸው ነው" አለ ሌላው። ሁሉም በአንድነት ጢጥ አሉ።

መሐላቸው የተቀመጠው ያረጀ ነበር፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል። ጠጋ ብዬ እጅ ነሣሁት። "አባቴ፣ ሲስተር ምንታምር ልትመጣብኝ ነው። ትክክለኛውን ቁጥሬን ስጡኝና ልሂድ። ዓይኔ ካልተገፈፈልኝ የማልጠቅም ሰው ልሆን ነው። መርፌ መያዝ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም" አልኩት። ይህን ስናገር እንባዬ መጣ፤ በሕልም ሰው አያፍርም።

ሽማግሌው መለኪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ዕድሜዬን ጠይቀኝ" አለኝ።

"ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ዘጠና።"

ጥቂት ቆይቶ "እንደገና ጠይቀኝ" አለ። ጠየቅኩት።

"ሰባ አንድ።"

አሁንም ቆየና "እንደገና" አለኝ።

"ሰባ።"

"ታዲያ የቱን ልመን?"

"መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ደንግጬ ነው የመለስኩልህ" አለኝ። "ማንም እንዲያ ነው። ተረጋግቼ የመለስኳቸውን ውሰድ። ሰዎች ግን የመጀመሪያውን ትሰሙና እያለቀሳችሁ ትሄዳላችሁ።"

"የኔስ ቁጥር?"

"ያንተ እቤትህ ነው። አንተ ነህ ጥለኸው የወጣኸው።"

ሮጬ ልሄድ ስል "አትሩጥ!" ብለው ሁሉም ጮኹብኝ። እኔም በጣም ቀስ ብዬ፣ አንድ እግሬን ካነሣሁ በኋላ ሌላውን ስለማንሣት እያሰብኩ ሄድኩ። ቤቴ ራሱ ወደ እኔ መጣልኝ።

ገብቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ቁጥሬ እውነትም እቤት ነበር፤ ዶሮ ነው፣ ቀይ እንቁላል ጣይ ዶሮ። ከመደቡ ሥር ወጣችና አንገቷን እየሰበቀች መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። ልታርፍ ስትል ትነሣለች፣ ትዞራለች፣ ደግሞ ልታርፍ ትላለች። ወንበሩ በጆሮዬ "እስክትተኛልህ እንዳትነቃነቅ። ከበረረች ሲስተሯ ስትመጣ የምታሳያት የለህም" አለኝ።

በዚህ መሐል እንግዶች መግባት ጀመሩ። የሚገቡት በጀርባቸው ነበር፤ ከበሩ ሲደርሱም "ደህና ዋሉ፣ ሰላም ያገናኘን" ይላሉ። በዚያ አገር ሰው የሚከበረው ባለመነሣት መሆኑን ያወቅኩት ከአኳኋናቸው ነው። ቁጭ ባልኩ ቁጥር ደስ ይላቸዋል፤ "እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው፣ አልተነቃነቀም" ይባባላሉ። ጉልበቶቼ ግን የዚያ አገር ሰዎች አይደሉም። አንዱ በገባ ቁጥር ብድግ ሊሉ ይፈልጋሉ፤ በሁለት እጄ ጫን አድርጌ ያዝኳቸው። የሰፈሩ ሰው ገባ። ንስሐ አባቴ በጀርባቸው ገቡ፤ እዚያ ላይ "ኖር" የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቶ መለስኩት። ዶሮዋ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ አባቴ ገባ።

እሱ ግን በፊቱ ነው የገባው። አባቴ ከሞተ ብዙ ዘመን ነው። ልብስ ስፌት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ለእንግዳ መነሣትንም እንደዚሁ፣ በዚያው ሜትር ጀርባዬን ሸንቆጥ እያደረገ። "የገባው ለማኝም ቢሆን ተነሥተህ ነው የምትቀበለው" ይለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ ጊዜው የሥራ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመና ይጠብቀኝ ጀመር።

ናፍቆኛል። እንዲህ እንደናፈቀኝ እስከዚያች ሰዓት አላወቅኩም ነበር። ጉልበቶቼ ከእጄ አመለጡ፤ ወገቤ ከወንበሩ ሊላቀቅ ሲል ዶሮዋ ክንፏን ዘረጋች። ከተነሣሁ ዓይኔ ቀረ። ካልተነሣሁ ደግሞ አባቴን በሬ ላይ አቁሜ የቀረሁ ልጅ ልሆን ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅ በውኔም አይቼ አላውቅም።

አባቴ ፊቴን ሲመለከት ቆየ። "ስንት ዓመትህ ነው አሁን?" አለኝ።

መናገር ስለማልችል በዓይኔ ነገርኩት።

"ትበልጠኛለህ እኮ!" አለ ተደንቆ። "እኔ ስሞት እንዳንተ አልሸበትኩም ነበር።"

እውነቱን ነው። ጥቁር ፀጉሩን አየሁት፣ ያልተሸበሸበ አንገቱን። የኔ ታናሽ ወንድም ይመስል ነበር። እኔ አባቴን ሁልጊዜ ሽማግሌ አድርጌ ነበር የማስበው፤ እሱ ለካ ሽማግሌ ለመሆን አልደረሰም።

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ "ኖር፣ ጋሼ" አለኝ። ለኔ! ከዚያ ከፊት ለፊቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ እግሮቹን አቀና፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩትም። እኔና እሱ በሕይወት ሳለ እንዲህ ቁጭ ብለን አናውቅም፤ ሁልጊዜ አንዱ ይነሣ ነበር፣ ወይ ሰው ይገባ ነበር፣ ወይ ሥራ ነበር። ዶሮዋ ክንፏን ሰብስባ ተኛች። ሙቀቷ በሱሪዬ አልፎ ተሰማኝ፤ ደሜ ሲረጋ ሰማሁት። ያኔ ዓይኔ ጠራ። የአባቴን ኮት ኮሌታ፣ ስፌቱን አንድ በአንድ አየሁት፤ ክሩ ሽምጥጥ ያለ፣ አንዱ ካንዱ የማይበልጥ። እንዴት እንደዚያ አድርጎ እንደሰፋው ልጠይቀው እፈልግ ነበር።

"ነቃህ?" አለችኝ የሺመቤት።

ክንዴ ላይ ጎንበስ ብላለች። ቤቱ ጭር ብሏል፤ በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ዓይኔ እንደወትሮው ደፍርሶ የባለቤቴ ፊት ነጭ ጉም ውስጥ ነበር፤ መሣቋን ግን ከድምጿ አወቅኩ።

"እንዳትንቀሳቀስ! ተኝተህ ለክቼህ እንዴት ያለ ቁጥር ወጣ መሰለህ። ግን የተኛ ሰው አይቆጠርም ብዬ ነው እስክትነቃ የጠበቅኩህ። ትንሽ ተረጋጋ፣ ደግሞ እንለካለን።"

ተረጋጋሁ። የሕልሙ እርጋታ ገና ሰውነቴ ውስጥ ነበር። ቁልፏን ተጫነች፤ ጨርቁ ክንዴን ጨምቆ ጨምቆ ለቀቀኝ። ማሽኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችና አነበበችው። "መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ!" አለች፤ አፏን በእጇ ያዘች። ልታለቅስ ነበር። "ላቀው፣ ዓይንህ ተገፈፈ በለኛ! አሁን ሲስተር ትምጣ። አንዴ ደግሞ ልድገመውና አይታ ታምናለች።" ቁልፏን እንደገና ተጫነች።

ጨርቁ መነፋት ሲጀምር ጎረቤታችን ወንድይፍራው በሩን ገፋ አድርጎ በጫማው ጫፍ እየረገጠ ገባ። ወንድይፍራው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። እኔ ሳንቀላፋ የሺመቤት እንግዳ እንዳያስገባ ብላ በርጩማ ሰጥታ የግቢው በር ላይ አስቀምጣው ኖሯል፤ ስልኬንም ድምፁ እንዳይቀሰቅሰኝ አጥፍታዋለች።

"እንዴት ነው፣ ዝንብ አሳለፍኩ?" አለ በኩራት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስንቱን መለስኩት መሰላችሁ። አንዷማ ቦርሳ ያንጠለጠለች ልቤን አደረቀችው። ፊቷን እንኳ አልለየሁትም፤ የኔም ዓይን እኮ እንዳንተው ነው። ሐኪም ነኝ አለች። ዛሬ እዚህ የመጣው ሁሉ ሐኪም ነው አልኳት። ስልክ ብትደውል አይነሣም። ልግባ ብትል ሰውየው ዕረፍት ላይ ነው፣ ለንጉሥም አይነሣም አልኳት።"

የሺመቤት ያጠፋችውን ስልክ ዞር ብላ አየችው።

"ከዚያማ ሣቀች" አለ ወንድይፍራው። "ጥሩ ልጅ ናት። እርስዎም ዓይንዎ ሞራ አለው አለችኝና እዚያው በርጩማዬ ላይ፣ ዝም ብዬ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለሁ ለካችኝ። ግሩም ነው አለች። አንድ ተራ ይዤ ነበር፣ ሰውየው ካልፈለጉት ነገ በጠዋት እርስዎ ይምጡ ብላኝ በባጃጅ ሄደች። እንዴት ያለ ዕድል ነው፣ ላቀው! ያንተን በር ባልጠብቅ ኖሮ እኮ አላገኘውም ነበር።"

ለወንድይፍራው የምለው ብዙ ነገር ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ።

"እንዳትናገር!" አለችኝ የሺመቤት፣ ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል። "እየለካ ነው።"